ምዕራፍ ሰባት፦ ጣውላው ሳይነቀል

የጣውላ ወለል አርጅቷል የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ታይቶ ነው። ቫርኒሹ ተልጧል፤ በሩ አካባቢ ጠቁሯል፤ ሁለት ሦስት ጣውላ ሲረገጥ ይጮኻል፤ መስኮቱ ሥር ያለው ጠርዙ ተነሥቶ እግር ያደናቅፋል። ባለቤቱ ዞር ዞር ብሎ ያይና «ይነቀልና ሴራሚክ እናልብሰው» ይላል። አናጺውም ብዙ ጊዜ አይከራከርም። መንቀል ቶሎ ያልቃል፣ ክፍያውም የታወቀ ነው። ማዳን ግን መመርመር፣ መጠበቅና ደግሞ መመለስ ይጠይቃል። ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ለዚያ ሊነቀል ለተፈረደበት ወለል ጥብቅና ለመቆም ነው።

በጅጅጋና ከእሷ በስተሰሜን ባሉት ከተሞች ፍርዱ ከሌላው ቦታ ይልቅ የቀለለ ይመስላል። ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚገባ የውጭ ዕቃ ለዚህ አገር ቅርብ ነው። አውበሬም፣ የድሮ ስሟን ለሚያስታውስ ተፈሪ በር፣ የጠረፍ ንግድ ያቆማት ከተማ ናት። እዚህ ቤት ሲሠራ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በላዩ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ የተሻለ አቅም ያለው ሴራሚክ ያለብሳል። የጣውላ ወለል ብርቅ ነው፤ ብርቅ በመሆኑም ጠጋኙ ጥቂት ነው። ወደ ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐረር ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። በጀጎል ውስጥ የህንድ ነጋዴዎችና አናጢዎች እጅ ያረፈባቸው ባለፎቅ ቤቶች አሉ። የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጠራው ገጣሚው ከሞተ በኋላ የተሠራ የህንድ ነጋዴ ቤት ነው። የራስ ተፈሪ ቤት ደግሞ ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ሆኗል። በእንዲህ ዓይነቱ ቤት የታችኛው ክፍል ኮርኒስ የላይኛው ክፍል ወለል ነው፤ ጣውላው ከተበላሸ ቤቱ ከወገቡ ተበላሸ ማለት ነው። አዲስ አበባ ፒያሳ በ1898 ዓ.ም. የተሠራው የጣይቱ ሆቴልም ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ከፊሉ ተቃጥሎ ነበር። ከእሳቱ የተረፈው ክፍል ዛሬም እንግዳ የሚረግጠው የእንጨት ወለልና ደረጃ አለው፤ ሲረገጥም ድምፁ ይሰማል።

የነዚያ ቤቶች ጣውላ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ ከዚያው ቦታ አይመጣም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠርቶ፣ ለአካባቢው ነዋሪ የራስ ፍጆታ ካልሆነ በስተቀር፣ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ክልከላው ትክክል ነበር፤ ዛፎቹ አልቀው ነበርና። ጥድ ጥሩ ጣውላ እስኪወጣው ድረስ የአንድ ሰው ዕድሜ ያልፋል። ስለዚህ በአያቶቻችን ዘመን የተነጠፈው የጥድ ወይም የዝግባ ወለል ሲነቀል የሚተካው ሌላ ጥድ አይደለም፤ የሚተካው ሴራሚክ ነው፣ ወይም ከውጭ የመጣ የእንጨት ሥዕል የታተመበት ሰሌዳ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ሚሊሜትር የማይሞላ የላይ ጉዳት አይተን ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ውፍረት ያለው፣ የመቶ ዓመት ዕድሜ የያዘ እንጨት ለማገዶ እንሰጣለን።

ከሁሉ በፊት እግራችን ሥር ያለው ምን እንደሆነ እንወቅ። ዞኮሎው ወይም የበሩ መርገጫ ቢነሣ የወለሉ ጎን ይታያል። ሙሉ ጣውላ ከሆነ ከላይ እስከ ታች አንድ እንጨት ነው፤ የቃጫው መስመር ከላይ ጀምሮ ጎኑ ላይ ይቀጥላል። ከሥሩ ባለው አግዳሚ እንጨት፣ በሞራሌ፣ ላይ በምስማር የተመታ፣ ወንዴና ሴቴ ሆኖ የተጋጠመ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ በደንብ ሲላግ የሚወርደው ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር ነው፤ ከመጋጠሚያው በላይ ያለው እንጨት ደግሞ ስድስት ሚሊሜትር ያህል ስለሚሆን እንዲህ ያለው ወለል በዕድሜው ደጋግሞ መታደስ ይችላል። በሲሚንቶ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈው የትንንሽ እንጨት ፓርኬ ቀጭን ቢሆንም እውነተኛ እንጨት ነው፤ የተነሡት ቁራጮች ጀርባቸው ላይ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ የድሮው ማጣበቂያ ተፍቆ፣ በኮላ ይመለሳሉ። በላዩ የእንጨት ሥዕል የታተመበት የተጨመቀ ሰሌዳ ግን አይላግም። ውሃ ከጠጣና ጠርዙ ካበጠ አይመለስም። ለእሱ መፍትሔው ቁራጩን መቀየር ብቻ ነው፤ የቀረው የምዕራፉ ክፍል እሱን አይመለከትም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ውሃው ከየት ነው?

የተበላሸ ወለል ታሪክ ሲመረመር ከኋላው አብዛኛውን ጊዜ ውሃ አለ። ጣሪያ አፍስሷል፣ ቧንቧ አንጠባጥቧል፣ ከግድግዳው ውጭ ያለው አፈር ከፍ ብሎ የወለሉን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ደፍኗል፣ ወይም ወለሉን የሚያጸዳው ሰው በባልዲ እየደፋ ያጥባል። በበዓል የተጎዘጎዘ እርጥብ ቄጠማም በእንጨት ወለል ላይ ሲያድር ቫርኒሹ በተላጠበት ሁሉ ጥቁር ጥላ ይተዋል። ምንጩ ሳይደርቅ የተሠራ ጥገና ገንዘብ ማባከን ነው።

ነገር ግን ሁሉም እርጥበት ጥፋት አይደለም። እንጨት ከአየሩ ጋር እርጥበት ይሰጣል፣ ይቀበላል። የክፍሉ አየር እርጥበት 65 በመቶ አካባቢ ሲሆን እንጨቱ ከደረቅ ክብደቱ 12 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል፤ አየሩ ወደ 35 በመቶ ሲወርድ እንጨቱም ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። ውሃውን ሲለቅ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን ይጠብባል። በመሐሉ ያለውን አምስት በመቶ ልዩነት እናስላ። ለአንድ በመቶ የእርጥበት ለውጥ ጣውላው ከወርዱ ሩብ በመቶ ያህል ቢጠብ፣ 12 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ጣውላ 1.5 ሚሊሜትር ይቀንሳል። 3 ሜትር ከ60 የሆነ ክፍል 30 ጣውላ ይይዛል፤ ሲደመር አራት ሴንቲሜትር ተኩል ነው። ይህን ያህል እንጨት የትም አልጠፋም፤ በጣውላዎቹ መሐል በ30 ቀጫጭን ክፍተት ተከፋፍሎ ተቀምጧል።

ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው ጅጅጋ ይህን ስሌት ወቅቶቹ ራሳቸው ይሠሩታል። ሶማሌዎች ጂላል በሚሉት፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ በሚከብደው ደረቅ ወቅት ጣውላው ይሸሻል፣ ክፍተቱ ሳንቲም እስኪያስገባ ይሰፋል። የጉ ዝናብ በሚያዝያ ሲመጣ መገጣጠም ይጀምራል፤ በጅጅጋና በአውበሬ አካባቢ የሚጥለው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ፣ ከረን፣ ሲገባ ይዘጋል። በጂላል ክፍተቱን አይቶ የደነገጠ ባለቤት በስቱኮ ወይም በሰጋቱራና ኮላ ጥርቅም አድርጎ ያስደፍነዋል። ከረን ሲመጣ ጣውላው መስፊያ ያጣል። ወይ ስቱኮውን ፈጭቶ ይተፋዋል፣ ወይ ጎረቤቱን ገፍቶ ከምስማሩ ያነሣዋል። በጂላል የተደፈነ ወለል በከረን ሲነሣ ታዲያ «እንጨት ለዚህ አገር አይሆንም» ይባላል። እንጨቱ አላጠፋም። በየወቅቱ ተከፍቶ የሚዘጋ ክፍተት በሽታ ስላልሆነ ይተው። በዝናብ ወቅትም ሳይዘጋ የሚቀር ሰፊ ክፍተት ካለ ከዚያው ዓይነት እንጨት ቀጭን ልሳን ተሰንጥቆ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ኮላ ተቀብቶ ይገባበታል፤ ሌላው ጎኑ ነፃ ሆኖ ከጣውላው ጋር ይሸሻል፣ ይመለሳል።

ጠርዙ ወደ ላይ ተነሥቶ መሐሉ የጎደጎደ ጣውላ ሌላ ነገር ይናገራል። ከታች በኩል ያለው ፊቱ ከላይኛው ይልቅ እርጥብ ነው፤ የታችኛው ሲያብጥ ጠርዞቹን ወደ ላይ ገፍቷቸዋል። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው፦ ማሽን አምጥቶ የተነሡትን ጠርዞች መላግ። ያን ቀን ወለሉ እንደ ጠረጴዛ ይስተካከላል፣ ሁሉም ይደሰታል። ከወራት በኋላ ከታች ያለው ሲደርቅ ጣውላው ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፤ ጠርዙ ግን ተልጎ ስላለቀ አሁን መሐሉ ያብጣል። የተላገውን መመለስ አይቻልም። ትክክለኛው መንገድ ውሃውን ማቆም፣ የአየር ማስገቢያውን ከፍቶ ከሥሩ አየር እንዲዘዋወር ማድረግና መጠበቅ ነው። መቼ ይበቃል? ባለ ሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ጣውላው ላይ በአግድም ይቀመጥና ከሥሩ ያለው ክፍተት በየሳምንቱ ተለክቶ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ከነቀኑ ይጻፍ። ልኩ ለተከታታይ ሳምንታት ካልተለወጠ ጣውላው አርፏል። ብዙ ጣውላ በዚህ ጥበቃ ብቻ፣ ማንም ሳይነካው፣ ተመልሶ ይተኛል።

ከደረቀ በኋላ ምርመራው ይቀጥላል፤ ለዚህ ከወስፌ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ወስፌው በጣውላው ላይ ዘንበል ተደርጎ ይጫናል። ጤነኛ እንጨት ይቋቋማል፣ ሲፈነቀልም ረጅም ስንጥር ያወጣል። የበሰበሰ ግን ወስፌውን ያስገባና አጭር አጭር ሆኖ ይፈረፈራል። የሚያበሰብሰው ሻጋታ የሚኖረው እንጨቱ ከ20 በመቶ በላይ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው፤ ደረቅ ወለል አይበሰብስም። መፈተሽ ያለበት የመስኮት ሥር፣ የመታጠቢያ ቤት አጠገብ፣ የሞራሌው ጫፍ ከግድግዳ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ሞራሌው የሚነካው ግድግዳ እርጥበት ከያዘ ከላይ ምንም ሳይታይ ከሥር ያልቃል። ምስጥ ከመሬት በሸክላ ዋሻው ስለሚወጣ ዋሻው ከመሠረቱ ተፈልጎ መግቢያው መዘጋት አለበት፤ የተበላውን ጣውላ ብቻ መቀየር ምስጡን ለአዲስ ድግስ መጥራት ነው። ትንንሽ ክብ ቀዳዳ የሚተወው ነቀዝ ደግሞ ከቀዳዳው ሥር አዲስ ነጣ ያለ ዱቄት ካልታየ ምናልባት ከብዙ ዓመት በፊት ሄዷል። የጥድና የወይራ ውስጠኛው እንጨት ለምስጥም ለነቀዝም የሚጎመዝዝ ነው፤ የሚበሉት ከቅርፊቱ ቀጥሎ ያለውን ነጩን ክፍል ነው።

የሚጮኸው ጣውላ ለብቻው አያስፈርድም። ምስማሩ ላልቶ ጣውላው ሲረገጥ ከሞራሌው ጋር ይፋተጋል። ሞራሌው ያለበት ቦታ ተገኝቶ በቀጭን ብሎን ሲጠብቅ፣ የብሎኑ ራስ ጠልቆ በእንጨት መድፈኛ ሲሸፈን ጩኸቱ ይቀራል። የድሮውን ምስማር ደጋግሞ መምታት ቀዳዳውን ከማስፋት በቀር አይጠቅምም።

መቀየር የግድ የሆነው ጣውላ ሲወጣ ጎረቤቶቹን መጠበቅ ያስፈልጋል። ከመሐሉ በርዝመቱ በመሮ ይሰነጠቅና ከመሐል ወደ ዳር ይወጣል፤ ከዳር የጀመረ ሰው የአጠገቡን ጣውላ ጠርዝ ይሰብራል። የሚገባው ጣውላ የሴቴው የታችኛው ከንፈር ከተቆረጠ ከላይ ወደ ታች ሊገባ ይችላል። ጣውላው ከየት ይመጣል? ከዚያው ቤት። ቁም ሣጥን የሚቆምበት፣ አልጋ ሥር ያለ፣ የዕቃ ቤቱ ወለል ተመሳሳይ ዕድሜና ቀለም ያለው ጣውላ አለው። እሱ ወደሚታየው ቦታ ይምጣ፣ አዲሱ በተደበቀው ቦታ ይግባ። በአውበሬ ገጠር ሴቶች ከግራር ሥር ቆልምመው የሚያቆሙት አቃል፣ ተፈትቶ በግመል የሚጫነው የሶማሌ ቤት፣ አንድ ቅስት ሲሰበርበት ያው አንዱ ይቀየራል እንጂ ቤቱ አይጣልም። ለጣውላ ወለልም የምጠይቀው ከዚያ የበለጠ አይደለም።

አዲስ እንጨት መፈለግ የግድ ከሆነ ለምሥራቁ አገር አንድ ሐሳብ አለኝ። በአፋር፣ በድሬዳዋና በሶማሌ ክልል ግጦሹን ወርሮ አርብቶ አደሩን ያስመረረው ፕሮሶፒስ ግሩም የወለል እንጨት ነው። በቴክሳስ የቅርብ ዘመዱ ሜስኪት ለውድ ወለል የሚመረጥበት ምክንያት በወርዱ እጅግ ጥቂት ስለሚሸሽ ነው። በዝናብና በድርቅ መሐል ለሚዋዥቅ አየር ከዚህ የተሻለ ባሕርይ አይፈለግም። ግንዱ አጭርና ጠማማ ስለሆነ ረጅም ጣውላ አይወጣውም፤ ለፓርኬ ቁራጭና ለመጣፊያ ግን ይበቃል። ግራሩ ለከሰል በሚያልቅበት አገር ወራሪውን ዛፍ ቆርጦ አሮጌ ወለል ማዳን ሁለት ጥቅም አለው። የትኛውም አዲስ እንጨት ግን በሚገባበት ክፍል ውስጥ ሳምንታት ተደርድሮ የክፍሉን አየር ይልመድ፤ ከአዲስ አበባ ክረምት የመጣ ጣውላ ጅጅጋ እንደደረሰ ቢመታ በመጀመሪያው ጂላል ክፍተቱ ያሳፍራል።

ወደ ቡናው ጥግ እንሂድ። በብዙ ቤት ወለሉ ላይ ረከቦት የሚቀመጥበት አንድ ቦታ አለ። በዚያ ዙሪያ ፍም የወደቀባቸው ጥቁር ነጠብጣቦች፣ የጀበና የውሃ ቀለበቶች፣ የዕጣን ማጨሻ ያሞቀው ክብ ይታያል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ዓይነት ጉዳት አይደሉም። ነጣ ያለው የውሃ ቀለበት ቫርኒሹ ውስጥ ብቻ ነው፤ ቫርኒሹ ሲታደስ ይጠፋል። የፍሙ ጠባሳ ከሰል ሆኗል፤ በስለታም ቢላ ወይም በመስታወት ስባሪ ጠርዝ ወደ ቃጫው አቅጣጫ ይፋቃል፣ ጥቁሩ ዱቄት ወጥቶ ብሩህ እንጨት እስኪታይ። አብዛኛው ጠባሳ ከአንድ ሚሊሜትር አይጠልቅም፤ ከሦስት ሚሊሜትር ካለፈ ጉድጓዱ በመሮ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆረጥና ቃጫው ከዙሪያው ጋር የሚሄድ ቁራጭ በኮላ ይሰካበታል። በምስማር ዙሪያና የቆርቆሮ ዕቃ በቆመበት የሚታየው ሰማያዊ ያለበት ጥቁረት ግን ቃጠሎም ብስባሴም አይደለም። ብረት፣ ውሃና በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን ተገናኝተው የፈጠሩት ቀለም ነው። መላግ ብዙ ጊዜ አይደርስበትም፤ ኦክሳሊክ አሲድ በሞቀ ውሃ ተበጥብጦ ሲቀባ ግን ዓይን እያየ ይለቃል። አሲዱ መርዝ ስለሆነ ጓንት፣ መነጽርና የተከፈተ መስኮት ያስፈልጋሉ፤ ሲያበቃ በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ ተደጋግሞ ይጠረግና ይድረቅ።

ስለ መላጉ አጭር ነገር ይበቃል። ምስማሮቹ ሁሉ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይመቱ። ብርጭቆ ወረቀቱ ከሸካራው 40 ቁጥር ተጀምሮ በ60 እና በ80 አልፎ 100 ወይም 120 ላይ ያበቃል፤ ቁጥር መዝለል የሸካራውን ጭረት ለቫርኒሹ ያስረክባል፣ ቫርኒሽም ጭረት አጉልቶ ያሳያል። ጥድና ዝግባ ለስላሳ ስለሆኑ ማሽኑ አንድ ቦታ ከቆመ ይቦረቡራል። የእንጨት አቧራ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መሐል ተመዝግቧል፤ የድሮ ቀለም ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ጥሩ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ይደረግ፣ ልጆች ከቤት ይውጡ።

በመጨረሻ ልባሱ። ቫርኒሽ ጠንካራ ነው፤ ሲላጥ ግን ክፍሉን በሙሉ መላግ ይጠይቃል። ሰምና ዘይት ቶሎ ይደክማሉ፣ ነገር ግን የደከመው ቦታ ብቻ ይታደሳል፤ ለአሮጌ ወለል እኔ እነሱን እመርጣለሁ። የንብ ሰም አገራችን የታወቀችበት ምርት ነው። አንድ እጅ ሰም በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቀልጥና፣ ከእሳት ርቆ፣ ሦስት አራት እጅ አኳራጅ ይጨመርበታል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ቅባት ይሆናል። ስስ ተደርጎ ተቀብቶ በሱፍ ጨርቅ ይወለወላል። አንዴ ሰም የጠጣ ወለል በኋላ ቫርኒሽ አይዝለትም፤ ምርጫው ቀድሞ ይለይ። የተልባ ዘይት የሚመርጥ ሰው ደግሞ ይህን አይርሳ፦ ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ሲደርቅ ራሱን በራሱ እያሞቀ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁ ወይ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይ ውሃ ውስጥ ይነከር።

የማይድን ወለልም አለ። ሞራሌዎቹ በአብዛኛው ከበሰበሱ፣ ጣውላው ተልጎ ተልጎ የምስማሩ ራስና መጋጠሚያው ከወጡ፣ መነቀሉ ግድ ነው። ያኔም ቢሆን ወስፌ የማይገባው ጣውላ ይለይ። ምስማሩ ከጀርባ በኩል ተመትቶ ይውጣ፤ ርዝመቱ ተለክቶ ጫፉ ላይ ይጻፍ፤ ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ፣ በየመሐሉ ተመሳሳይ ቁርጥራጭ እየገባ፣ አየር እንዲያልፈው ሆኖ ይደርደር። አዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትን ምን አለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ጣውላ ገዢ እንደማያጣ ያውቃል፤ ሐረር ወይም ድሬዳዋ አሮጌ ቤት የሚጠግን አናጺ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መጣፊያ በየትም ገበያ አያገኝም።